መለከት፣ ጡሩምባ፣ ትራምፔት

በልጅነቴ ሞትን የማውቀው በድምፁ ነበር። ገና ሳይነጋ፣ ውሾች ዝም ብለው ወፎች ከመጀመራቸው በፊት ባለችው አጭር ጸጥታ፣ ከታችኛው መንገድ በኩል ጡሩምባ ይነፋል። እናቴ ከመኝታዋ ቀና ትልና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ታዳምጣለች። ከጡሩምባው ቀጥሎ የሰው ድምፅ ይመጣል፤ የእድሩን ስም ይጠራል፤ ያረፈውን ሰው ስም ይናገራል፤ ቀብሩ በስንት ሰዓትና በየትኛው ደብር እንደሚፈጸም ያስታውቃል። ከዚያ እንደገና ጡሩምባ። ድምፁ በየቅያሱ እየታጠፈ ሲርቅ እናቴ «ነፍስ ይማር» ትልና እሳት ለማቀጣጠል ትነሣለች።

ጡሩምባ ነፊው ረጅም፣ ቀጭን፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ሽማግሌ ነበሩ። እኛ ልጆች «አባባ» እንላቸው ነበር። በወጣትነታቸው በሠራዊቱ የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ እንደ ነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን ከእሳቸው ጋር የተጨዋወትነውን በመጨረሻ እነግራችኋለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እርሱ ነውና። ከዚያ በፊት ግን ያ መሣሪያ ከየት ተነሥቶ እኛ ሰፈር እንደ ደረሰ፣ ለዓመታት ካነበብሁትና ካዳመጥሁት ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

በአማርኛችን ለዚህ መሣሪያ ሦስት ስም አለን። መለከት የቅዱሳት መጻሕፍትና የቤተ መንግሥት ቃል ነው፤ ስንሰማው ንጉሥ ወይም መልአክ ይታየናል። ጡሩምባ ከጣሊያንኛው «ትሮምባ» ጋር የሚዛመድ የመንገድ ቃል ነው፤ እድርተኛ ይጠራል፣ መኪና ያስጮኸዋል፣ ያለ ዕረፍት ራሱን የሚያወድስ ሰውም «ጡሩምባውን ይነፋል» ይባላል። ትራምፔት ደግሞ የባንድና የምሽት ክበብ ቃል ነው። ሦስቱም ስሞች የሚጠሩት አንድ ነገር ነው፤ በቧንቧ ውስጥ የሚያልፍ የሰው ትንፋሽ። ልዩነቱ በትንፋሹ የሚናገረው ማን ነው የሚለው ነው። ነፊው ነው ወይስ ሌላ ሰው? የዚህን መሣሪያ ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሚመላለስብኝ ጥያቄ ይህ ነው።

* * *

እ.ኤ.አ. በ1922 ሃዋርድ ካርተር የቱታንክሃሙንን መቃብር ሲያገኝ፣ ከወርቁና ከሠረገላው ጋር ሁለት መለከቶች ተገኝተዋል። አንዱ የብር፣ ሌላው የነሐስ ነው። የብሩ ርዝመት 58 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን የነሐሱ ትንሽ ያጥራል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ በቅርጻቸው ልክ የተጠረበ እንጨት ገብቶባቸዋል፤ ስሱ ብረት እንዳይጎደጉድ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። በላያቸው ላይ የአሞን፣ የራና የፕታህ ስም ተቀርጿል። እነዚህ አማልክት ብቻ አልነበሩም፤ የፈርዖን ሠራዊት ክፍሎችም በእነርሱ ስም ይጠሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1939 ጄምስ ታፐርን የተባለ የእንግሊዝ ጦር ባንድ ባልደረባ በካይሮ ቤተ መዘክር እነዚህን መለከቶች ነፋቸው፤ ቢቢሲም ድምፃቸውን ለዓለም አሰራጨው። ቅጂው ዛሬም ይሰማል። ታፐርን የዘመናችንን መንፊያ ተጠቅሞ ነበርና የሰማነው የጥንቱን ድምፅ በትክክል ነው ለማለት አይቻልም። ሆኖም ከ3000 ዓመት በላይ በጨለማ የተቀመጠ ብረት በሰው ሳንባ ሲነቃ መስማት ሰውነትን ይነዝራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በግብፅ አብዮት ሰሞን የነሐሱ መለከት ከቤተ መዘክሩ ተሰርቆ ነበር፤ ደግነቱ ከሳምንታት በኋላ ተመለሰ።

ከእነዚህ መለከቶች በደንብ የሚወጣው ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ዜማ አይጫወቱም። ሊናገሩ የሚችሉት በምት ነው፤ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር። ይህ ግን ለተፈለጉበት ሥራ ይበቃል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 10 ሙሴ ከብር ተቀጥቅጠው የተሠሩ ሁለት መለከቶች እንዲያበጅ ታዝዟል፤ አጠቃቀማቸውም በዝርዝር ተቀምጧል። ሁለቱ ሲነፉ ማኅበሩ ሁሉ ይሰበሰባል። አንዱ ብቻ ሲነፋ አለቆች ይመጣሉ። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሲሰማ ሰፈሩ ይነሣል። ኢያሪኮን የዞሩት ካህናት የያዙት ግን ሌላ ነው፤ የበግ ቀንድ ነው፤ አማርኛውም ለይቶ «ቀንደ መለከት» ይለዋል። ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ70 ኢየሩሳሌምን ካጠፉ በኋላ የማረኩትን የመቅደስ ዕቃ በቲቶ ቅስት ላይ ሲቀርጹ፣ ከመቅረዙ ጋር መለከቶችንም አልረሱም። ሕዝብን የሚጠራውን ዕቃ መማረክ ሕዝቡን ዲዳ እንደ ማድረግ ሳይቆጥሩት አልቀሩም።

መለከትን ሁሉም አልወደደውም። ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚነግረን፣ በግብፅ የቡሲሪስና የሊኮፖሊስ ሰዎች መለከትን ጨርሶ አይነፉም ነበር፤ ምክንያታቸውም ድምፁ የአህያ ጩኸት ይመስላል የሚል ነው። ግሪኮች በተቃራኒው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ396 የመለከት ነፊዎችን ውድድር በኦሊምፒያ ጨዋታዎች ውስጥ አስገቡ። ውድድሩ የሚለካው በዜማ ውበት ሳይሆን በጩኸት ኃይል ነበር። የሜጋራው ሄሮዶሮስ ብዙ ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ ስሙን ለታሪክ አስቀርቷል።

ከግሪኮች የወረስነው አንድ የኤዞፕ ተረትም አለ። በጦርነት ላይ አንድ መለከት ነፊ ይማረካል። «አትግደሉኝ» ብሎ ይለምናል፤ «እኔ ማንንም አልገደልሁም፤ በእጄ ያለው ይህ መለከት ብቻ ነው» ይላል። ማራኪዎቹ ግን ልመናውን አይቀበሉም። ራሱ ሳይዋጋ ሌሎቹን ለውጊያ የሚያነሣሣው እርሱ ነውና ከሁሉ ይልቅ ሞት የሚገባው ለእርሱ ነው ብለው ይፈርዱበታል።

ይህችን ተረት በልብዎ ይያዙልኝ።

* * *

መለከት ለብዙ ሺህ ዓመታት የትእዛዝ ዕቃ ሆኖ የኖረው በነገሥታት ፈቃድ ብቻ አይደለም። የቧንቧው ተፈጥሮም አስገድዶታል። በአንድ ቀጥ ያለ ቧንቧ ከንፈራችንን እያጠበቅን ብንነፋ ድምፁ እንደ ክራር ክር ወደ ፈለግንበት አይሄድም፤ እየዘለለ ነው የሚወጣው። መሰላል ነው እንበል። ከታች ያሉት እርከኖች እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ዶ፣ ከዚያ ሶል፣ ከዚያ ዶ፣ ከዚያ ሚ፣ ከዚያ ሶል። የጎደሉትን ምንም ብንደክም አናገኛቸውም። የወታደር ጡሩምባ ጥሪዎች በዓለም ሁሉ የሚመሳሰሉት ለዚህ ነው፤ የሚሠሩት በእነዚህ ጥቂት ድምፆች ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን እርከኖቹ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፤ ነገር ግን እዚያ ላይ ለመቆም የብረት ከንፈርና የፈረስ ሳንባ ያስፈልጋል። ትዝታን ወይም ባቲን በሰው ድምፅ ልክ፣ ዝቅ ባለው መደብ፣ በእንዲህ ያለ ቧንቧ መጫወት አይቻልም። መለከት ሊያዝ ይችላል፤ ሊያዝን ግን አይችልም ነበር።

ሊያዝ የሚችል ነገር ደግሞ ባለቤት አያጣም። እ.ኤ.አ. በ1623 የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፈርዲናንድ ለመለከትና ለከበሮ መቺዎች ማኅበር ልዩ መብት ሰጠ። ከማኅበሩ ውጭ የሆነ ሰው እንደ ፈቀደው መለከት እንዲነፋ አይፈቀድም፤ ነፊውም አገልጋይነቱ ለመሳፍንትና ለሠራዊት ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ወደ አእምሮዬ የመጣው የራሳችን ቤተ መንግሥት ነው። መለከታችን ከቀርከሃ ወይም ከሸምበቆ የሚሠራ፣ ከአንድ ሜትር የሚረዝም፣ ላዩ በቆዳ የተለበጠ ነበር። ብቻውን አይሄድም። ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ የሚነፉት እምቢልታዎችና «ነገረ» ከሚለው ግሥ ስሙን ያገኘው ነጋሪት አብረውት ይሄዳሉ። መኳንንት በነጋሪትና በመለከት የሚታጀቡት በማዕረጋቸው መጠን ነበር፤ ያለ ሹመት ነጋሪት ማስመታት ሽፍትነት ነው። ቪየናና ጎንደር ሳይተዋወቁ በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር፤ ከፍ ያለ ድምፅ የጌታ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ማሠሪያ ውስጥ ሆነው መሰላሉን እስከ ጫፍ የወጡ ሰዎች አሉ። ከእነርሱ አንዱ የላይፕሲጉ ጎትፍሪድ ራይኼ ነው። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በዚያች ከተማ ያቀናበራቸውን አስፈሪ የመለከት ክፍሎች የሚነፋለት እርሱ ነበር። ቧንቧው ቁልፍ የለውም፤ ዜማው የሚወጣው እርከኖቹ ከሚቀራረቡበት ከላይኛው ሰማይ ብቻ ነው። በዘመኑ የተሣለው ሥዕሉ ዛሬም አለ፤ የተጠማዘዘ መለከቱን በአንድ እጁ፣ ኖታውን በሌላው ይዞ ያየናል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1734 የሳክሶኒው ገዥ የፖላንድ ንጉሥ ሆኖ የተመረጠበት ቀን በላይፕሲግ ሲከበር፣ የባኽ ካንታታ ማታ በአደባባይ፣ በችቦ ብርሃን ቀረበ። ራይኼ የ67 ዓመት ሰው ነበር። በማግስቱ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ወድቆ ሞተ። የከተማዋ ዜና መዋዕል ምክንያቱን ሲጽፍ፣ በንጉሡ ሙዚቃ ላይ በመንፋት የደረሰበት ድካምና የችቦው ጭስ ጎድቶት ነው ይላል። ለንጉሥ ክብር የመጨረሻ ትንፋሹን የሰጠ ሰው ማለት በምሳሌ ብቻ የሚነገር ይመስለኝ ነበር።

* * *

የጎደሉትን እርከኖች ለመሙላት የተደረገው ትግል ከራይኼ ሞት በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ወስዷል። በቪየና የቤተ መንግሥቱ መለከት ነፊ አንቶን ቫይዲንገር በቧንቧው ጎን ቀዳዳዎች ያሉት፣ ቀዳዳዎቹም በክዳን የሚዘጉ መለከት ይዞ ቀረበ። ጆሴፍ ሃይደን እ.ኤ.አ. በ1796 ኮንቼርቶውን የጻፈው ለዚህ መሣሪያ ነው፤ ለሕዝብ የቀረበው ግን በ1800 ነው። ይህን ሥራ ስታዳምጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። መለከቱ መጀመሪያ ሲገባ የሚያሰማው አሮጌውን፣ ሁሉም የሚያውቀውን የጥሪ ድምፅ ነው። አድማጩ ለምዶታልና አይደነቅም። ትንሽ ቆይቶ ነው በዚያ ዝቅ ባለ መደብ፣ መለከት ፈጽሞ ረግጦት በማያውቀው እርከን ላይ፣ በእርጋታ የሚያዜመው። በዚያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ወታደር ሲዘፍን የሰሙ ያህል ተሰምቷቸው ይሆናል።

የቫይዲንገር ክዳኖች ድምፁን ስለሚያደክሙት ብዙ አልቆዩም። እውነተኛው መፍትሔ የመጣው ቧንቧውን በመብሳት ሳይሆን በማስረዘም ነው። ሃይንሪሽ ሽቶልዝልና ፍሪድሪሽ ብሉመል የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1818 በፕሩስያ የቫልቭን የፈጠራ መብት በጋራ አስመዘገቡ። በ1830ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በፓሪስ ፍራንስዋ ፔሪኔ ዛሬ የምናውቀውን ፒስተን አበጀ። አሠራሩ ቀላል ነው። ጣት ፒስተኑን ሲጫነው አየሩ በአንዲት ተጨማሪ ጥምዝ ቧንቧ ዞሮ እንዲያልፍ ይገደዳል፤ መንገዱ ሲረዝም ድምፁ ዝቅ ይላል። መካከለኛው ፒስተን ግማሽ ድምፅ፣ የመጀመሪያው አንድ ድምፅ፣ ሦስተኛው አንድ ተኩል ድምፅ ያወርዳሉ። ሦስቱን በማጣመር ሁሉም ክፍተት ይሞላል። የዛሬው ትራምፔት ተዘርግቶ ቢለካ ወደ አንድ ሜትር ከግማሽ የሚጠጋ ቧንቧ ነው፤ ሦስት ጣቶች ግን ሰባት ቧንቧ ያደርጉታል።

መሰላሉ ሞላ። ነገር ግን የሞላ መሰላል ማለት የሚወጣበት ሰው ተገኘ ማለት አይደለም። አዲሱን መሣሪያ ቀድመው በብዛት የተቀበሉት እንደ ገና ሠራዊቶች ነበሩ። ትራምፔት የራሱን ነገር የሚናገር ሰው ለማግኘት ጥቂት መጠበቅ ነበረበት። ያ ሰው ሲመጣ ደግሞ የመጣው ከማንም ያልተጠበቀ ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1912 የዘመን መለወጫ ዋዜማ በኒው ኦርሊንስ አንድ የ11 ዓመት ጥቁር ልጅ በመንገድ ላይ ሽጉጥ ተኮሰ። ተይዞ ለጥቁር ሕፃናት ወደ ተሠራ የጠባይ ማረሚያ ተቋም ተላከ። ልጁ ሉዊስ አርምስትሮንግ ነበር። በዚያ ቤት በሙዚቃ መምህሩ በፒተር ዴቪስ እጅ ከከበሮ ተነሥቶ ወደ ነፋስ መሣሪያ ተሸጋገረ። ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ ቁልፍ የሌለው የወታደር ጡሩምባ ነበር፤ ልጆቹን ለመኝታና ለምግብ የሚጠራው እርሱ ሆነ። ከዚያ ኮርኔት ተሰጠው፤ በኋላም ትራምፔት ያዘ። በአንድ ልጅ ዕድሜ ውስጥ የሺህ ዓመታት ታሪክ ተደገመ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1928 በቺካጎ «ዌስት ኤንድ ብሉዝ»ን ሲቀዳ፣ ሙዚቃው የሚጀምረው በትራምፔቱ ብቻ ነው፤ አጃቢ የለም። ለጥቂት ሰኮንዶች አንድ ሰው ብቻውን ይናገራል። መጀመሪያ የሚመጡት ድምፆች የጥሪ ድምፅ ይመስላሉ፤ ከዚያ ጥሪው ይፈታና ሌላ ነገር ይሆናል። ማንንም አያዝዝም። የማንም መልእክተኛ አይደለም።

አርምስትሮንግ ከዚያ ቤት በወጣ በ10 ዓመቱ፣ ሌሎች አሳዳጊ ያጡ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ይዘው ወደ እኛ አገር መጡ። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች ልኮ ስለ ነበር ትራምፔት ለአዲስ አበባ ፍጹም እንግዳ አልነበረም። ነገር ግን የሚነገረው ትልቁ ታሪክ የ1924ቱ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ በአርመኖች ገዳም ከታላቁ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ባንድ ሠርተው ተቀበሏቸው። ራስ ተፈሪ አርባዎቹን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ገቡ። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ቀረ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ላይ ያቀናበረው መዝሙር በ1930 በንግሥ በዓሉ ተሰምቶ እስከ አብዮቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙራችን ሆኗል።

አንዳንድ ጊዜ ይህን አስባለሁ። ወላጆቻቸው በትእዛዝ የታረዱባቸው ልጆች የሰልፍ ሙዚቃ ተማሩ፤ የሰልፍ ሙዚቃውንም ለሌላ ንጉሥ አመጡ። ይህ ምጸት ነው ወይስ ጸጋ? ምናልባት ሁለቱም ነው። ምክንያቱም ከእነርሱና ከእነርሱ በኋላ ከመጡ መምህራን፣ በተለይም ከኬቮርክ የወንድም ልጅ ከነርሲስ ናልባንዲያን፣ የተማሩት የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ቀን ቀን ማርሽ ሲነፉ ውለው፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ምሽቶች ትዝታንና አምባሰልን በነሐስ ተናገሩበት። ጥላሁን ገሠሠ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሲዘፍን ከኋላው የሚመልሱለትን ትራምፔቶች ያዳመጠ ሰው የምለው ይገባዋል። ሳክሶኒ ያልታሰበው፣ ፓሪስ ያላለመው ነገር ነው። ሦስቱ ፒስተኖች ባይኖሩ ትዝታ በዚያ ቧንቧ ባላለፈ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው አንድ ነው። ከሰዓት በኋላ ማርሽ የነፋው ትንፋሽና ማታ ትዝታ የነፋው ትንፋሽ ከአንድ ደረት ይወጣል። አባባ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነበሩ።

* * *

የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ የኤዞፕን ተረት ከአንድ መጽሐፍ አነበብሁ። መለከት ነፊ ያለበት ተረት በማግኘቴ ደስ አለኝና ለአባባ ልነግራቸው ሮጥሁ። በራቸው ላይ ዱካ አውጥተው ተቀምጠው ጡሩምባቸውን በአመድና በጨርቅ ይፈትጋሉ። የእድሩ ጡሩምባ ቁልፍ የለውም፤ አፉ እንደ ፈንዲሻ አበባ የተከፈተ ተራ ቧንቧ ነው። ቆሜ ተረቱን ነገርኋቸው።

ሥራቸውን ሳያቋርጡ «ገደሉት?» አሉኝ።

«አዎ፤ ገደሉት።»

«ትክክል ፈረዱ።»

ደነገጥሁ። ለመለከት ነፊው ያዝኑለታል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ጨርቁን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣ ልጅ መሆኔን የረሱ ይመስል፣ ነገሩኝ።

«በስድሳ ዘጠኝ ወደ ምሥራቅ የሚዘምቱትን ስንሸኝ ነበር። በጭነት መኪና ላይ ቆመዋል። አብዛኞቹ ገበሬ ናቸው፤ ትራምፔት አይተው አያውቁም። አንዱ ልጅ ካንተ ብዙም የሚበልጥ አይመስልም፤ እጁን አወዛወዘልኝ። እኔ ነፋሁ። ማርሽ ነው፤ ማርሽ ደስ ይላል። ክፋቱ ደስ ማለቱ ነው፤ ባያምር ኖሮ ማን ይነሣ ነበር? ልጁ እየሳቀ ሄደ። እኔ ቀረሁ።»

ምን እንደምል አላወቅሁም። «ታዲያ አሁን ለምን ይነፋሉ?» አልኋቸው።

«ይኼማ የሚጠራው ወደ ለቅሶ ነው» አሉ ጡሩምባውን ከፍ አድርገው እያሳዩኝ። «ሁሉም ምን ሊያደርግ እንደሚመጣ ያውቃል። ተታሎ የሚመጣ የለም።»

በዚያ ዕድሜዬ የገባኝ ጥቂት ነው። አሁን ታሪኩን ካነበብሁ በኋላ የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የሰው ልጅ የጎደሉትን እርከኖች ለመሙላት ስንት ሺህ ዓመት ደከመ። አባባ ሙሉውን መሰላል በጣቶቻቸው ይዘውት ነበር፤ ማርሹንም ትዝታውንም ያውቁበታል። ወደው ነው ወርደው በሁለት ድምፅ የቆሙት፤ እነዚያን ሁለት ድምፆች እውነት ብቻ እንዲናገሩባቸው ስለ ፈለጉ። በኤዞፕ ፍርድ እስማማለሁ ለማለት አሁንም ልቤ አይደፍርም። የተማረከው መለከት ነፊ ምናልባት እርሱም ታዞ ይሆናል፤ ምናልባት ከረሃብ የሸሸ፣ ወላጅ የሌለው ልጅ ይሆናል። ግን በራሱ ላይ እንዲህ የፈረደን ሰው አውቄያለሁ፤ ፍርዱንም በየንጋቱ፣ በብርድ፣ በእግሩ እየዞረ ሲፈጽም አይቼዋለሁ።

ዛሬ በብዙ ሰፈሮች የእድር ጥሪ በድምፅ ማጉያና በስልክ ሆኗል። አባባ ባረፉ ጊዜ ግን ጡሩምባው ገና ነበር። እኔ ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ እናቴ ቤት ተኝቻለሁ። ገና ሳይነጋ ከታችኛው መንገድ በኩል ጡሩምባ ተነፋ። እናቴ እንደ ልማዷ ቀና አለች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ድምፁ ጀመረና ተቆረጠ፤ እንደገና ጀመረ፤ ተንቀጠቀጠ። አዲስ ሰው ነው፤ ከንፈሩ ገና አልጠነከረም። የሟቹ ስም ገና አልተጠራም።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይኼ የእሳቸው ትንፋሽ አይደለም» አለች።